ማረሻና ባለ ባልጩት ሽጉጥ በአንድ ባለእጅ ቤት

ያን ዕለት ማታ ተራው የ«ሸ» ነበር። ሸ፣ ሹ፣ ሺ፣ ሻ፣ ሼ፣ ሽ፣ ሾ ብዬ ሰባቱንም በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና እንደ ልማዳችን «በሽ የሚጀምር ቃል ስጡኝ» አልኩ። አንዲት እናት «ሽንኩርት» አሉ። ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ «ሽሮ» አለ። «ሽንዲ» የሚል እንደማይጠፋ አውቅ ነበር፤ እሱም አልቀረም። ከዚያ ከበሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ፈንጠር ብለው የሚቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡና «ሽጉጥ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ግን ቃሉ ትክክል ነውና ጻፍኩት፤ ሁሉም አብረው አነበቡት።

ትምህርቱ አልቆ ስወጣ አዛውንቱ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። «አስተማሪው፣ በከንቱ አይደለም ያልኩት» አሉኝ። «ቤቴ አንድ አለ። የአያቴ አባት እጅ ያረፈበት ነው። እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ፤ ነገ ናና እየው።»

ለምን ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ፣ ከሰው ተለይተው እንደሚቀመጡ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሽንዲን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልናገር። ሽንዲ በምዕራብ ጎጃም የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬ የደረሰ ሰው ከዚያ ወደ ምዕራብ ገባ ሲል ያገኛታል። ቀድሞ ቡሬና ወምበርማ አንድ ወረዳ ነበሩ። በደቡብ በኩል አገሩ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬ የሚታፈስበት ምድር ነው። እንዲህ ያለ አገር ማረሻ ይበላል። ማረሻ የሚበላ አገር ደግሞ ያለ ባለእጅ አንድ ክረምት አይውልም።

በማግሥቱ ጧት ሄድኩ። ቤታቸው ከመንደሩ ጫፍ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የሥራው ቦታ ከቤቱ ጎን የተቀጠለ ዳስ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ ጣራው ከጢሱ ብዛት ጠቁሯል። ከሩቅ የሚሰማው የወናፉ ትንፋሽ ነው፤ እንደ ደከመው በሬ «ሁፍ... ሁፍ...» ይላል። ወናፉ ሁለት የፍየል ሌጦ ነው። አንዱ ሲነፋ አንዱ ይሞላል፤ ነፋሱ በሸክላ አፍ በኩል ወደ ከሰሉ ይገባል። የሚነፋው የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ነበር። እኔም ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩና ጥቂት ደቂቃ ሳልቆይ ላብ አጠመቀኝ። ትንፋሹም ተቆራረጠብኝ። ልጁ ሣቀብኝ፤ እውነቱን ነው።

መስፉ በግንድ ውስጥ የተተከለ ጥርብ ብረት ነው። ከአጠገቡ ሁለት መዶሻ፣ ሦስት ዓይነት ጉጠት፣ ብረት መቁረጫ፣ አንድ ገንዳ ውሃ። ያ ብቻ ነው። ከተማ ያየሁት ጋራዥ ከዚህ ሃያ እጥፍ ዕቃ አለው፤ ግን ማረሻ አይሠራም።

ስደርስ አንድ ገበሬ የዶለዶመ ማረሻ ይዞ ተራ ይጠብቅ ነበር። አዛውንቱ ማረሻውን ከከሰሉ ውስጥ ከተቱት። «አስተማሪው፣ እኛም ፊደል አለን» አሉኝ። «የእኛ ፊደል ቀለም ነው። ብረት ሲጠቁር አትንካው፣ አልሰማም ማለቱ ነው። ሲቀላ መስማት ጀመረ። ወደ ብርቱካን ሲሄድ፣ ያን ጊዜ ነው ‘እሺ’ የሚል። ነጭ ሆኖ ከፈነጠረ አበላሸኸው፤ ተቃጠለ።» አወጡት፣ ገለበጡት፣ መቱት። ቀዳሚው መዶሻ የእርሳቸው ነው፤ ሁለተኛው የገበሬው። አዎን፣ ማረሻ የሚያሠራ ሰው መዶሻ ይዞ ያግዛል እንጂ ቁጭ ብሎ አያይም። ጫፉን ስበው ካሾሉ በኋላ ውሃው ውስጥ ነከሩት፤ ጮኸ። በፋይል የለም፣ በልኬት የለም፤ ዓይናቸው ነው ልኬቱ። ገበሬው ግን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ቀኙን ትንሽ ቢጨምሩለት» አለ። እርሳቸውም ያለ ክርክር መለሱት። ትክክል ነበር።

ብረቱ የሚመጣው ከመኪና ባሌስትራ ነው። አያቶቻቸው ግን ከአፈርና ከድንጋይ አንጥረው ያወጡት እንደነበር ይናገራሉ። ባሌስትራ ከመጣ ወዲህ ያ ሥራ ቀርቷል። ማን በከንቱ ሦስት ቀን ከሰል ያነዳል?

ቡና ፈላ። ገበሬው ማረሻውን ይዞ ከዳሱ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቡና ሲጠራ «ቸኩያለሁ» አለ። ግን አልሄደም፤ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ወሬውን ቀጠለ። እኔም ስኒውን ተቀብዬ እጄ ላይ ትንሽ ቆየ። መደበቅ አልችልም፤ ከቤት ስወጣ እናቴ «ቀጥቃጭ ቤት እንዳትበላ፣ ዓይናቸው ይይዛል» ብላኝ ነበር። እናቴ ደግ ሴት ናት፤ ይህንንም የነገረችኝ ስለምትወደኝ ነው። አዛውንቱ እጄን አዩት። ምንም አላሉም። ጠጣሁ። ሁለተኛም ቀዱልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። ሆዴን አላመመኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ውስጥ ገብተው በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለውን ያወጡት።

ሽጉጡ

የክንድ ያህል ረዥም ነው። የእንጨቱ እጀታ በቅቤና በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ብረቱ ዝጓል፤ ግን አልበሰበሰም። አፈሙዙ በቀለጠ እርሳስ ተደፍኗል፤ ቃታውም ተነቅሏል። «አባቴ ነው የደፈነው» አሉ። «ልጆች እንዳይጫወቱበት።» በቤተሰቡ ወሬ እንደሚባለው በርሜሉ ከውጭ በነጋዴ የመጣ ነው። ከምጽዋ የሚነሣው የንግድ መንገድ በጎንደር አልፎ እስከ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርስ ነበርና ይህ የማይመስል ነገር አይደለም። ሌላው ግን፣ እንጨቱም፣ እሳት የሚጭረው መሣሪያም፣ የአያታቸው አባት ሥራ ነው ይላሉ። አሮጌው ተሰብሮ መጥቶላቸው፣ አይተው፣ እንደዚያው አድርገው ቀጠቀጡት። የሠሩለት ባላባት በእህል ከፍሏቸዋል። ኋላ ባላባቱ በዕዳ ምክንያት ሽጉጡን ራሱን መልሶ ሰጣቸው።

ባለ ባልጩት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። የዛሬው ጥይት ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ውስጥ የታሸገ ነው። በድሮው ግን ሁሉም ለየብቻው ነበር፤ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ በኩል ይገቡ ነበር። ከጎን በኩል ቁራጭ ባልጩት ነክሶ የሚይዝ የብረት መንጋጋ አለ። ቃታው ሲሳብ መንጋጋው በሞላ ጉልበት ይወረወራል፤ ባልጩቱ አረብ ብረት ይገጫል፤ ብልጭታ ይወጣል። ብልጭታው በትንሽ ሳህን ላይ ያለችውን ቁንጥር ባሩድ ይለኩሳል። እሳቱም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አያቶቻችን ክብሪት ሳይመጣ በቡላድ ድንጋይ እሳት ይጭሩ አልነበረም? ያው ነው፤ በእንጨት ላይ ተገጥሞ።

ችግሩም ያው ነው። ዝናብ ከመጣ ባሩዱ ይረጥብና እምቢ ይላል። በጎጃም ክረምት ይህን የያዘ ሰው ዱላ ቢይዝ ይሻለው ነበር። ደረቅም ሆኖ አንዳንዴ ሳህኗ ላይ ብቻ ቦግ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ጠላት ፊትህ ቆሟል፤ አንተ ደግሞ ጢስ ይዘሃል።

አዛውንቱ ከሁሉ የከበደው ሞላው ነው ይላሉ። «ማረሻ ይቅር ይላል። ቢሰበር ትቀጥላለህ። ይህች ግን» አሉና ቀጭኗን ጠማማ ብረት በጥፍራቸው ነኩ፣ «ከለሰለሰች ትተኛለች፣ ከጠነከረች ትሰበራለች። አያታችን ስንት ጊዜ ሰብረው እንደ ጣሉ ማን ያውቃል? የቀረችው ይህች ናት፤ የተጣሉትን ማንም አላስቀመጠም።»

ከየት መጣ?

ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው ጠመንጃ ባለ ባልጩት አልነበረም፤ በሚነድ ፈትል የሚለኮስ ነበር። በኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ በምንለው ጦርነት ጊዜ፣ በሁለቱም ወገን ጠመንጃ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመራ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደር በምጽዋ ገባ። ዳ ጋማ ራሱ በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ደግሞ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በወይና ደጋ ግራኝ በጠመንጃ ተመትቶ ወደቀ።

ባልጩቱ በአውሮፓ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ፣ እንደ እነርሱ አቆጣጠር ከ1600ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ነው፤ ፈረንሳዮች ናቸው ያሻሻሉት። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዓለምን ገዛ። ያስቀረውም አሌክሳንደር ፎርሳይት የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ነው። ቄሱ ወፍ አዳኝ ነበሩ። ወፎቹ የሳህኗን ብልጭታ አይተው ጥይቱ ሳይደርስ ስለሚያመልጡ ተናደዱ። በመዶሻ ሲመታ ብቻ የሚቀጣጠል ነገር አስበው በ1807 የፈጠራ መብቱን አስመዘገቡ። ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ብዙ ሣቁ። «ለወፍ ብለው!» አሉ።

ሌላው ስኮትላንዳዊ ደግሞ ለእኛ አገር የቀረበ ነው። ጄምስ ብሩስ ይባላል። ጎንደር በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ገብቶ ከመኳንንቱ ጋር በተኩስ ነገር ተከራከረ። በጠመንጃው ውስጥ እርሳስ ሳይሆን የሞራ ሻማ ቁራጭ ከትቶ ተኮሰና ሦስት ጋሻ በሳ። ይህን ራሱ በመጽሐፉ ጽፎታል። ይኸው ሰው በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ወርዶ፣ ከቡሬ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ሰከላ፣ ግሽ ዐባይ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ይህ የአዛውንቱ ዓይነት መሣሪያ በዓለም ላይ የተለመደ ነበር።

ጋፋት

ስለ ብረት ሥራና ስለ ጦር መሣሪያ ሲወራ ግን አንድ ሰው ሳይነሣ አይታለፍም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የነገሡት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። ጠመንጃ ከውጭ መለመን ሰለቻቸውና በአገር ውስጥ እንዲሠራ አሰቡ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የሚሲዮን ባለሙያዎችን ሰበሰቡ፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር አንዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። «አናውቅም» ቢሉም ንጉሡ አልሰሙም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ፤ ተሳካ። ከነሐስ የቀለጡት መድፎች እያደጉ ሄደው በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተወለደ፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይሆናል። አንድ አህያ አንድ ኩንታል ትጭናለች ብለን ብናስብ የሰባ አህያ ጭነት በአንድ ብረት ማለት ነው።

ይህን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር ይባላል። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ሲመጣ ግን የጋፋት መድፎች አልረዱም። እንግሊዞች የያዙት ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ነበር፤ ኋላ ሕዝባችን «ሰናድር» ያለው። ከኢትዮጵያውያን ወገን ወደ 700 ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ በኩል ቆስለው የሞቱት 2 ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። አዛውንቱ የጠየቁኝን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «የፈረንጆቹን ስም ነገርከኝ። ወናፉን ማን ነፋ? ከሰሉን ማን አከሰለ?» አሉኝ። በጋፋት ብዙ አበሾች አብረው ሠርተዋል፤ ሙያውንም ተምረዋል። በጎንደርና በበጌምድር አገር ብረት የሚቀጠቅጡት ቤተ እስራኤል እንደነበሩም የታወቀ ነው። ስማቸውን ግን እኔ ከተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «አውቄዋለሁ» አሉ፤ መዶሻቸውንም አነሡ።

ርስትና ስድብ

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦር ሲመጣ ባለእጅ ይፈለጋል፤ ጦር ሲያልፍ «ቡዳ» ይባላል። በጠላት ወረራ ዘመን የአዛውንቱ አባት የአርበኛ ጠመንጃ ሲጠግኑ ያድሩ ነበር አሉ። ያን ጊዜ የነበረው ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ስሙን ያገኘው ውጅግራ፣ ከማንሊኸር የመጣው ምንሽር፣ ከጠላት የተማረከውም አለ። ለአንዱ የተሠራ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የተሰበረ መለዋወጫ ከየትም አይመጣም። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣልያን የቡሬን ምሽግ ጥሎ ወጣ። ሠርጉም ደስታውም ሆነ። «አባቴ በግብዣው ላይ ከአጥር ውጭ በሌላ ዕቃ ነው የበላው» አሉኝ።

ይህን ለማስቀረት የወጣ ሕግ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀዋል። መሬቱ ግን ከስድቡ ይልቅ የከበደ ነበር። በድሮው የርስት ሥርዓት ባለእጅ አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበረውም። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ማረሻ ቀጥቅጦ፣ በመከር ጊዜ እህል ይሰፈርለት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በእጁ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። አዛውንቱ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስማቸው ሲጠራ ተሳስተው መስሏቸው አልተነሡም። ሁለተኛ ሲጠሩ ጎረቤት ነው በክርኑ የነቀነቃቸው። ያገኙት ቁራሽ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ዛሬም በቆሎ ቆሞበታል። አሳዩኝ። ጥሩ በቆሎ ነው።

ቡናው ግን ያው ነው። በአዋጅ መሬት ይከፈላል፤ ስኒ እንዴት ይከፈላል? ከዳሱ ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ሰው ዳግመኛ አየሁት። ክፉ ሰው አልነበረም።

ጣቶቹ

የአዛውንቱ ግራ እጅ ሌባ ጣትና መካከለኛ ጣት ከግማሽ በታች የሉም። እስካሁን የመዶሻ አደጋ መስሎኝ ነበር። ጠየቅኋቸው።

«በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው» አሉ። «አንድ ሰው ያረጀ ጠመንጃ አምጥቶ ‘ጠግንልኝ’ አለኝ። አባቴ ቤት አልነበረም። እኔም ችሎታዬን ላሳይ ፈለግሁ። ስንት ዓመት ከጣራ ሥር የተቀመጠ ነው። ጎርሷል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እሳት አስጠጋሁት።»

ዝም አሉ። ልጃቸው ወናፉን አቆመ።

«ብረቱ ተተረተረ። እንደ በቆሎ ልብስ።»

ያረጀ ባሩድ ሞቷል የሚል ሰው ካለ ይህን ያንብብ። አሮጌ ጠመንጃ ከቤት የተገኘ ገበሬ ባዶ ነው ብሎ እንዳይነካው፣ እንዳያሞቀው፣ ለልጅም እንዳይሰጠው። ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ነው የሚሻለው።

ገና ይህን እየነገሩኝ ሳለ አንድ ወጣት መጣ። ከየት እንደሆነ አልጽፍም። በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። አዛውንቱን ፈንጠር አድርጎ በሹክሹክታ አነጋገራቸው፤ እርሳቸው ግን ድምፃቸውን አልቀነሱም። «አይሆንም። አልሠራም» አሉ። ወጣቱ ገንዘብ አለኝ አለ። የጠራው ዋጋ የብዙ ማረሻ ዋጋ ነው። «ልጄ፣ ቧንቧ ውሃ ሊያሳልፍ ነው የተሠራ። እሳት አይችልም። መጀመሪያ የሚገድለው አንተን ነው» አሉትና እጃቸውን ዘረጉለት። ግራውን። ወጣቱ እጁን አየ፤ ከዚያም እኔን አየኝ። ጆንያውን አንሥቶ ሄደ።

ሕጉም ከእርሳቸው ጋር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትንም መጠገንንም ይከለክላል። አዛውንቱ ቁጥሩን አያውቁም ነበር፤ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። «ሕግ ባይኖርም አልሠራም ነበር» አሉ። ወዲያውም እያመነቱ «ግን ለሚቀጥለው ሰው የማነብለት ወረቀት መኖሩ ጥሩ ነው» ብለው በኪሳቸው ከተቱት። ዘንድሮ ያንን ገንዘብ የሚፈልጉበት ጉዳይ እንዳላቸው በኋላ ከልጃቸው ሰማሁ፤ የልጅቱ ሠርግ ነው። ይህን እርሳቸው አልነገሩኝም።

እኔ በበኩሌ ያን ሽጉጥ ደጋግሜ አሰብኩበት። ማንንም ይግደል አይግደል አይታወቅም። ያን ቀጭን ሞላ ቀጥቅጦ ያወጣ እጅ ግን ትልቅ እጅ ነው። ሰዓት ሊሠራ ይችል ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪና ሊሠራ ይችል ነበር። ባላባቱ የጠየቀው ሽጉጥ ስለሆነ ሽጉጥ ሠራ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ አዛውንቱ አልተስማሙም። «ማረሻም ሠርቷል፤ ማረሻው አልቆ ነው እንጂ» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ሄድኩ። በማታው ትምህርት «ቀ» እና «በ» አልፈናል፤ አዛውንቱ ስማቸውን መጻፍ ችለዋል። ስደርስ ትንሽ ሹል ብረት በመዶሻ እየመቱ በአዲስ ማረሻ አንገት ላይ አንድ ነገር ይቀርፁ ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ሦስት ፊደል ነው። መካከለኛው ወደ ግራ ዞሮባቸዋል። ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ግን አስተማሪ ነኝና ነገርኳቸው። «በሚቀጥለው አቃናዋለሁ» አሉ።

የማረሻው ባለቤት ያው በድንጋዩ ላይ ያየሁት ገበሬ ነበር። ማረሻውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ይህ ምንድን ነው፣ አያ?»

«ስሜ ነው።»

«መሬት ውስጥ ገብቶ ይጠፋ የለ?»

«ይጠፋል። ዶልዱሞ ይዘኸው ስትመጣ ደግሜ እጽፍልሃለሁ።»

ገበሬው ፊደሎቹን በጣቱ እየተከተለ ለማንበብ ሞከረ። እርሱም የእኔ ተማሪ ነው፤ ግን ብዙ ማታ ይቀራል። የመጀመሪያውን አወቀው። ሁለተኛው፣ የዞረው፣ አስቸገረው። አዛውንቱ አነበቡለት። ከዚያም ማረሻውን በትከሻው አድርጎ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ።